ግራው ታሟል

«ዝም በይ እስቲ!» አለ ጋሽ ጆሮ።

ሚስቱ አልተናገረችም ነበር። የጮኸው የስፌት መኪናዋ ነው። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። ቤቱ ጸጥ አለና ቴፑ ብቻውን ቀረ።

ጋሽ ጆሮ ሳሎኑ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሁለት እጁን የሌለ መሪ እንደጨበጠ ሰው ወደ ፊት ዘርግቷል። በግራው አንድ በርጩማ፣ በቀኙ አንድ በርጩማ አለ፤ በየበርጩማው ላይ አንድ አንድ ስፒከር፣ በመኪና በር ላይ በሚሆኑበት ቁመት። ፊት ለፊቱ ያለው ጠረጴዛ የሚስቱ የጨርቅ መቁረጫ ነው፤ አሁን ግን የመኪና ባትሪ፣ አንድ እቅፍ ሽቦና መብራቱ የሚብለጨለጭ ቴፕ ተቀምጦበታል። ካሴት ከቀረ ዘመን አልፏል፤ ስሙ ግን ቴፕ እንደሆነ ቀርቷል።

የቀኙ ስፒከር ዘፋኟን በሙሉ ድምጿ ያዘፍናታል። የግራው እንደ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ከግድግዳ ማዶ ያንሾካሹካል።

«ይኼኛውም ታሟል» አለ።

«ማን?»

«ግራው ነዋ!»

«ሁለቱም ይዘፍናሉ አንተ ሰውዬ። እዚህ ሆኜ እየሰማሁ ነው።»

«አንቺ?» ብሎ ሳቀ። «ዕድሜሽን ሙሉ ከዚያ መኪና ጋር አፍ ለአፍ ገጥመሽ፣ ጆሮሽን በልቶ ጨርሶታል። የሰማሽ ይመስልሻል እንጂ አትሰሚም።»

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ፈገግታዋን አብራ ዋጠች፣ ወደምትሰፋው መጋረጃ ተመለሰች። ስለ ባትሪው የምትለውን አስቀድማ ብላ ጨርሳለች። «ከዚያ ባትሪ አንዲት ጠብታ ጨርቄ ላይ ብታርፍ፣ በደንበኛዬ መስኮት ላይ የምትሰቀለው አንተ ነህ» ብላዋለች። እሱም ባትሪውን በአሮጌ ጋዜጣ ላይ፣ ጋዜጣውን በትሪ ላይ አድርጎ ተገላገለ።

ቴፑ የልጃቸው ነው። ልጅቷ አሮጌ መኪና ገዝታለች፤ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ረጅም መንገድ ትሄዳለች፤ ያለ ዘፈን አልሄድም ብላለች። አባቷ ቴፑን በተገዛበት ሰዓት መግጠም ይችል ነበር። ግን ሕግ አለው። የዳሽቦርድ ፕላስቲክ ጥርስ አለው፤ አንዴ ሲፈታ ይታገሣል፣ ሁለተኛ ሲፈታ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ሲንቋቋ ይኖራል። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ መጀመሪያ ቤት ይፈተናል። «ጠረጴዛ ላይ ያልዘፈነ መኪና ላይ አይዘፍንም» ይላል። ቢጫውንና ቀዩን ሽቦ አንድ ላይ ይጠመዝዛል፤ ቢጫው የቴፑ ትዝታ ነው፣ ቀዩ መቀስቀሻው። መኪና ላይ ሁለቱን የሚለያያቸው ቁልፉ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ቁልፍ ስለሌለ ይጋባሉ። በፊውዝ አሳልፎ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ያገናኛቸዋል፤ ጥቁሩን ወደ ኔጋቲቭ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና መሪ ይይዛል።

የመጀመሪያውን ቴፕ እንዲህ ፈትኖ መልሶታል። ግራው ታሞ ነበር። ይህ ሁለተኛው ነው።

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን አወዛወዘች።

«ውይ አባዬ! እንዴት ያምራል! በል አሁኑኑ ግጠመው።»

«ግራው ታሟል።»

ልጅቷ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ እናቷ አየች። «አባዬ፣ እኔ እንጃ፣ ለኔ ግን ሁለቱም...»

እናቷ ሳለች። የጉንፋን ሳል አልነበረም። ልጅቷ አፏን ዘጋች።

«ለናንተማ ሁሉም ይዘፍናል» አለ ጋሽ ጆሮ፣ ሽቦዎቹን እየነቀለ። «ይኼን ጆሮ ማንም አያታልለውም።» ግራ ጆሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

ጋሽ ጆሮ የተባለው ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ጆሮ ጠቢ ስለሆነም አይደለም፤ ምንም እንኳ አዲስ የሚቀጠሩ ሠራተኞች ቅጽል ስሙን መጀመሪያ ሲሰሙ አፋቸውን ቢቆጥቡም። ስሙን ያወጣለት ጋራዡ ነው። ሞተር ይነሣል፤ መካኒኮቹ ኩሽኔታ ነው፣ የለም ቺንጋ ነው፣ የለም ዲናሞ ነው እየተባባሉ ይከራከራሉ። እሱ ረጅሙን ካቻቪቴ ከኪሱ ይመዛል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን ከግራ ጆሮው ሥር አጥንቱ ላይ ይደግፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «የውሃ ፓምፕ» ይላል። ሲፈታ የውሃ ፓምፕ ነው። በጉብዝናው ዘመን፣ ጋራዡ እንደሚያወራው፣ ሻይ እየጠጣ ሳለ በመንገድ ያለፈ መኪና ሰምቶ «ይኼ ሰውዬ ዳገቷን አይወጣትም» አለ። ሰውየው ከዳገቷ ግማሽ በሰው እየተገፋ ተመለሰ።

ጉልበቱ ከከዳው ቆይቷል። መኪና ሥር መግባት ትቷል፤ ከገባ የሚያወጣው ሰው መፈለግ አለበት። የጋራዡ ባለቤት ግን አላሰናበተውም። «እጅ ሞልቶኛል፣ የሌለኝ ጆሮ ነው» ብሎ በሩ አጠገብ ወንበር አስቀመጠለት። እንግዲህ የጋሽ ጆሮ እንጀራው ጆሮው ነው። ጆሮው ከሌለ ያ ወንበር የሌላ ሰው ነው። ይህን እሱ ያውቃል፣ ባለቤቱ ያውቃል፣ ወንበሩን በዓይናቸው የሚለኩት ሁለት መካኒኮችም ያውቃሉ።

በማግስቱ ቴፑን በብብቱ ይዞ ሱቅ ሄደ።

ቴፕ ሻጩ ዋስትና ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሰውየው «ዋስትና አለው» ሳይል ፊውዝ እንኳ ሸጦ አያውቅም፤ ዋስትናው የሚያበቃው ሱቁ ደጃፍ ላይ ነው የሚሉ ደንበኞች አሉ። በመሐላ የሚስተካከለው የለም። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። እንደ መሐላው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፊቱ በሙሉ ግንባር በሆነ ነበር።

«ደግሞ መጣህ ጋሼ!» አለ ዋስትና፣ ገና ከሩቅ ሲያየው።

«ግራው ታሟል።»

«ያኛውንም ግራው ታሟል ብለህ ነው የመለስከው። የፋብሪካው ግራ በሙሉ ባንተ ቤት ነው እንዴ የሚታመመው?»

«ታሟል አልኩህ። ወይ በሌላ ቀይረው፣ ወይ ራስህ አስታመው።»

ዋስትና ቴፑን ነጥቆ ከባንኮኒው ባትሪ ጋር አገናኘው። ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ስፒከሮች ሱቁን አናወጠው። «ይኸው! ግራ! ይኸው ቀኝ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደዚህ ጥርት ያለ ዕቃ ለራሴም መኪና አልገጠምኩ!»

«እዚህ እንኳን ቴፑ መደርደሪያህም ይዘፍናል» አለ ጋሽ ጆሮ። «ይኼ ፈተና አይደለም፣ ገበያ ነው። ሰው መኪና ውስጥ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚሰማ ቤቴ መጥተህ ስማ።»

ባንኮኒው አጠገብ የቆመ ባለታክሲ ነበር። ቴፕ መርጦ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከቶ ነበር፤ እጁን ባዶውን አወጣው። «ጋሽ ጆሮ ታሟል ካለ ታሟል» አለ። «እኔ ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

ዋስትና ባለታክሲውን በዓይኑ እስከ መንገዱ ማዶ ሸኘው። ሲዞር ፊቱ ተለውጧል።

«ስማኝ ጋሼ» አለ። «ያባረርከው ደንበኛዬን ነው። እሺ፣ ከካርቶን ያልወጣ ሦስተኛ እሰጥሃለሁ። ነገ ከሰዓት ቤትህ እመጣለሁ፤ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ በገዛ ጆሮዬ እሰማለሁ። ግራው ከታመመ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ‹የኔ ዋስትና ከንቱ ነው› ብዬ እጮኻለሁ።»

«ካልታመመስ?»

«ካልታመመ አንተ ጋራዡ በር ላይ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ‹ጆሮ የለኝም› ትላለህ።»

በጩኸቱ ተስቦ ሱቁ ደጃፍ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ጋሽ ጆሮም ሳቀ። «እሺ» አለ። «ድምፅህን ከአሁኑ ሞርድ።»

በማግስቱ ከጋራዡ ቀደም ብሎ ወጣ። ሦስተኛውን ቴፕ ከካርቶኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ቢጫና ቀዩን አጋባ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና መሪውን ያዘ።

ቀኙ ዘፈነ። ግራው አንሾካሾከ።

መጀመሪያ ደስ አለው። ከዚያ ደስታው ጎረበጠው። ሦስት ቴፕ፣ ሦስቱም አዲስ፣ ሦስቱም በአንድ ወገን የታመሙ። ጋራዥ ውስጥ ይህን የሚነግረው ሰው ቢኖር «በል ሂድና ተኛ» ባለው ነበር።

መካኒክ መጀመሪያ የሚማረው መለዋወጥ ነው። ዕቃውን ከቦታው ታነሳለህ፤ ብልሽቱ ከዕቃው ጋር ከሄደ ጥፋተኛው ዕቃው ነው፤ ብልሽቱ ባለበት ከቀረ ዕቃው ነጻ ይወጣል።

ስፒከሮቹን አቀያየረ። ሲያንሾካሹክ የነበረው ወደ ቀኝ ሲዛወር እንደ ልቡ ዘፈነ፤ ሲዘፍን የነበረው ወደ ግራ ሲዛወር ድምፁ ሸሸ። ስፒከሮቹ ነጻ ናቸው። «እንግዲህ ቴፑ ነው» አለና ከጀርባው የሚወጡትን ሽቦዎች አቀያየረ፤ የግራውን መውጫ ለቀኙ፣ የቀኙን ለግራው። ቴፑ ታሞ ቢሆን አሁን ማንሾካሾክ የነበረበት ቀኙ ነው። ቀኙ ዘፈነ። ግራው አንሾካሾከ። ቴፑም ነጻ ነው። ባትሪ ደግሞ ግራና ቀኝ አያውቅም።

ቆሞ አገጩን አከከ። ያልቀየረው ምን ቀረ?

ወንበሩን አነሳው። ወደ ጠረጴዛው ያይ የነበረውን ወደ በሩ አዞረውና ተቀመጠ። ቅድም በግራው የነበረው በርጩማ አሁን በቀኙ ሆነ። ዘፋኟም ክፍሉን ተሻግራ ወደዚያ በርጩማ ሄደች።

ብልሽቱ ከወንበሩ ጋር ዞሯል።

ጋሽ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ወንበሩን መረመረው። አራት እግር፣ አንድ መደገፊያ። ወንበር ድምፅ አይበላም። ከወንበሩ ጋር የዞረ ሌላ ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ሁለት ጣቱን ቀኝ ጆሮው አጠገብ አፋተገ። ሽው፣ ሽው። ግራው አጠገብ አፋተገ። ምንም። አጥብቆ አፋተገ። ጣቶቹ ሞቁ እንጂ ምንም።

በዚህ መሀል ሚስቱ ከግራው በኩል ቆማ እያናገረችው ነበር። አልሰማትም። ዞራ ወደ ቀኙ መጣች።

«አሁን ነው እንዴ ያወቅኸው?» አለች።

«ምኑን?»

«ግራህን።»

ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ልጅቷ ትምህርቷን ሳትጨርስ ጀምሮ።»

«አንቺ ሴት! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ እንጂ» አለች ሚስቱ። «በግራህ በኩል ነበር የነገርኩህ።»

ጋሽ ጆሮ ግራ ጆሮውን ጎተት አደረገው።

«በቀኝህማ ብነግርህ ታምነኛለህ?» አለች፣ አጠገቡ በርጩማ እየሳበች። «ብልሽት አንተ ካላገኘኸው ብልሽት አይደለም። አንተው መካኒኩ ፈልገህ አግኘው ብዬ ተውኩህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጠቅሞኛልም። ልረግምህ ስፈልግ በግራህ እቀመጣለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ልቤን አራግፌ አድራለሁ፣ አንተም ጠዋት ሰላም ትነሣለህ። ከዚህ የተሻለ ትዳር የት አለ?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እንዲህ ነው» አለ እሱ፣ ቀስ ብሎ።

ሚስቱ ስለ ጆሮው የሚያዝን መስሏት ነበር፤ እሱ ግን የሚያስበው ስለ ጋራዡ በር ወንበር ነበር። ዋስትና ሊመጣ ነው። ቴፑ ደህና ነው። ነገ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ የሚለው ነገር ቀልድ መሆኑ ቀርቶ እውነት ሊሆን ነው።

«ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ያገኘሁት የዲናሞ ብልሽት» አለ በመጨረሻ። «በየትኛው ጆሮዬ ሰማሁት?»

«እኔ ምን አውቄ። ትክክል ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ካቻቪቴውን የት አድርገህ?»

«እዚሁ፣ በግራ።» እጁን ከጆሮው ሥር አጥንቱ ላይ አደረገ።

ሚስቱ ተነሣች። ካቻቪቴውን ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «በል ፈትነዋ» አለች። «ጠረጴዛ ላይ ያልዘፈነ መኪና ላይ አይዘፍንም አይደል የምትለው? ራስህን ጋራዥ ከመውሰድህ በፊት እዚህ እንየው።»

ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱት። ከመጋረጃው ቁራጭ ጨርቅ ቀድዳ ጠቀለለችና ደህናውን ቀኝ ጆሮውን ወተፈችለት። ዓለም ጠፋ። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ፣ የካቻቪቴውን ጫፍ የግራው ስፒከር ብረት ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን አጥንቱ ላይ ደገፈ።

ዘፋኟ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባች።

በሹክሹክታ አይደለም፤ በሙሉ ድምጿ፣ ከነትንፋሿ፣ ከኋላዋ ከበሮ የሚመታው ሰውዬ ጭምር። የጆሮው በር ከተዘጋ ቆይቷል፤ ድምፁ ግን በአጥንቱ በኩል፣ በመስኮት እየዘለለ ሲገባለት ኖሯል፤ እሱ በበር የገባ መስሎት።

«አለች!» ብሎ ጮኸ። የሚጮኽ አልመሰለውም።

ሚስቱ የግራውን ስፒከር ሽቦ ከቴፑ ጀርባ መዘዘች።

«የለችም!»

መልሳ ሰካች። «አለች!» መዘዘች። «ሄደች!» ልታታልለው የመዘዘች መስላ ሽቦውን ነካ አድርጋ ተወችው። «አለች፣ አለች! አታጭበርብሪኝ አንቺ!» ሚስቱ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ሰውየው ዓይኑን እንደጨፈነ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ አልሳቀም። እንደገና መዘዘች።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ማንኳኳት ብቻ አይደለም፣ ተከፈተም። ዋስትና ለእንግድነት የለበሰውን ኮት እያስተካከለ ገባ።

«እንደምን ዋላችሁ! ቤቶች! ጋሼ!»

ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንዱ ጆሮው የማይሰማ፣ አንዱ በመጋረጃ የተወተፈ ነው። አልተነቃነቀም።

«ሰላምታም ተከለከለ?» አለ ዋስትና።

«ሲያዳምጥ እንዲህ ነው» አለች ሚስቱ። በአንድ እጇ ጨርቁን ከባሏ ጆሮ ነቀለችው። ሌላው እጇ ከኋላዋ ነበር። «እንግዳ መጥቷል አንተ ሰውዬ።»

ጋሽ ጆሮ ብድግ አለ። ዋስትና ጊዜ አላጠፋም። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጭንቅላቱን ወደ ግራ ነቀነቀ፣ ወደ ቀኝ ነቀነቀ።

«ይኸዋ!» አለ። «ሁለቱም! እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ! ግራው ታሟል? የቱ ግራ? እንዲያውም ግራው ከቀኙ ይበልጣል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ጋሽ ጆሮ አንገቱን ደፋ። ቴፑ ደህና መሆኑን ዋስትና ሳይመጣ በፊት አውቆታል። «እሺ» አለ። «ነገ በሩ ላይ...»

«ቆይ እስቲ» አለች ሚስቱ። «ግራው እንዴት ነው ያልከኝ ወንድሜ?»

«ይበልጣል አልኩሽ እትዬ! ሴትዮዋ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ነው የምትዘፍነው!»

ሚስቱ ከኋላዋ የነበረውን እጇን ወደ ፊት አመጣች። በጣቶቿ መሀል ሽቦ ይዛለች። ከሽቦው ወዲያ የግራው ስፒከር፤ ከሽቦው ወዲህ ምንም።

ዋስትና ሽቦውን አየ። ከጣቷ እስከ በርጩማው በዓይኑ ተከተለው፤ ከበርጩማው እስከ ጣቷ ተመለሰ። ከዚያ እጁን አንስቶ ግንባሩን ዳበሰ፣ ዓይኑ በቦታው መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው።

ለጥቂት ጊዜ የዘፈነው ቀኙ ብቻ ነበር።

«ደጃፍህ ላይ የምትጮኸውን ታስታውሰዋለህ?» አለች ሚስቱ፣ በጣም ደስ ብሏት።

«እትዬ፣ ልጆች አሉኝ።»

«ተዪው» አለ ጋሽ ጆሮ። «አንተም ሱቅህ በር ላይ አትጮኽም፣ እኔም ጋራዡ በር ላይ አልጮኽም። ቁጭ በልና ሻይ ጠጣ።»

ዋስትና ሻዩን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ ሽቦውን መልሳ ሰካችው፤ ግራው ዘፈነ። ዋስትና ወደ ግራ ዞሮ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አዳመጠ።

«ይሠራል እኮ» አለ።

«ይሠራል» አለ ጋሽ ጆሮ።

«ታዲያ ሁለቱን ቴፕ ለምን መለስካቸው?»

ጋሽ ጆሮ ሚስቱን አያት።

«ወንበሩ ነው» አለች ሚስቱ። «የተበላሸው ወንበሩ ነበር።»

«እኔ ወንበር አልሸጥም!» አለ ዋስትና ፈጠን ብሎ፣ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ ተነሣ።

ቴፑ በዚያው ቀን ገና ሳይመሽ ተገጠመ። የዳሽቦርዱ ጥርስ አንድም አልተሰበረም። ልጅቷ ቅዳሜ ጠዋት እየዘፈነች ሄደች።

ሰኞ ጋራዡ ውስጥ የሚያጉረመርም ሞተር ጠበቀው። ወንበሩን የሚመኙት ሁለቱ መካኒኮች ተከራክረው ደክመዋል፤ አንዱ የውሃ ፓምፕ ብሏል፣ አንዱ ቺንጋ። ጋሽ ጆሮ ካቻቪቴውን መዘዘ። ሌላ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚሄደው እጁ መንገድ ላይ አንዴ ቆመ። ከዚያ ጫፉን አሳረፈ፣ አጥንቱ ላይ ደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሁለታችሁም አይደላችሁም» አለ። «የዲናሞው ኩሽኔታ ነው። ፍቱት።»

ፈቱት። ኩሽኔታው እጃቸው ላይ ተንኮሻኮሸ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ጆሮ ወንበሩን አንስቶ ከበሩ ግራ ወደ በሩ ቀኝ ወሰደው፤ የሚገባው ሰው ሁሉ በደህናው በኩል እንዲመጣ። የጋራዡ ባለቤት ለምን እንዳዛወረው ጠየቀው።

«ፀሐይ» አለ ጋሽ ጆሮ።

ሐኪም ዘንድ የሄደው ሚስቱ ስለነዘነዘችው ነው፣ በቀኙ በኩል። ሐኪሙ ለግራ ጆሮው የሚሆን ትንሽ መሣሪያ ሰጠው። እስካሁን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እየፈተንኩት ነው ይላል።